53 ይዞ 60 የሚለምን ምክር ቤት፦ ስለ ፊሊበስተር የከፈትኩት ክርና የመጡልኝ ምላሾች

ይህን የውይይት ክር በኢንተርኔት መድረካችን የከፈትኩት በኖቬምበር 2025፣ የአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት 43 ቀን ተዘግቶ በተከፈተ በሳምንቱ ነበር። ምላሾቹ 27 ደርሰው ቆመዋል። ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ልተርክ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። ሪፐብሊካኖች በሴኔት 53 መቀመጫ አላቸው። የተወካዮች ምክር ቤት ያሳለፈው ጊዜያዊ በጀት ሴኔት ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ የሚደግፈው ከሚቃወመው እየበለጠ 14 ጊዜ ወደቀ፤ ክርክር ዘግቶ ወደ ውሳኔ ለመሄድ የሚያስፈልገው 60 ድምፅ አልሞላም። ክርክር እንዳይዘጋ በማድረግ ሕግን እንዲህ ማገድ ነው ፊሊበስተር የሚባለው። ከ100 መቀመጫ 53ቱን ይዞ ሰባት ሰው የሚለምን ምክር ቤት እንዴት ያለ ነው? ይህስ በሕገ መንግሥቱ የተጻፈ ነው ወይስ እያደር የመጣ ልማድ?

በዚያ ላይ የራሴን አቋም ጨመርኩ። ሕግ ማገድ የሚፈልግ ሴናተር አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ይናገር፤ እግሩ ይበጥ፣ ጉሮሮው ይድረቅ፣ ሕዝብም ይየው። ዛሬ ግን የሚቆም የለም። ወገኑ ድምፅ እንደማይሰጥ ካሳወቀ በቃ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ተገትሮ የሚቀረው ደመወዝ ጠባቂው ነው።

ይህን ያጻፈኝ በዚያው ሰሞን በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ያየሁት ነው። እናቶች ሩዝ፣ ምስር፣ ዘይትና ዳይፐር በካርቶን እያከፋፈሉ ነበር። ከተቀበሉት አንዷ የመሥሪያ ቤት መታወቂያዋን ከአንገቷ አላወለቀችም። ካርቶኑን ልታነሣ ጎንበስ ስትል መታወቂያው ተንጠልጥሎ ምስሩ ላይ አረፈ። ከሥራ መምጣቷ ነው፤ ደመወዝ ግን የለም።

ምላሽ 1 ከአሌክሳንድሪያ ነው። ወንድማችን በመልካም ሰላምታ ጀምሮ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ 60 የሚባል ቁጥር እንደሌለ አስረዳኝ። ሕገ መንግሥቱ ሁለት ሦስተኛ የሚጠይቀው ለጥቂት ጉዳዮች ብቻ ነው፤ የውጭ ስምምነት ለማጽደቅ፣ የፕሬዚዳንቱን ቬቶ ለመሻር፣ በኢምፒችመንት የቀረበን ባለሥልጣን ጥፋተኛ ለማለት፣ አባል ለማባረርና ለመሳሰሉት። ተራ ሕግ በተራ አብላጫ ያልፋል። ቀዳዳው የተገኘው በ1806 ነው፤ ሴኔቱ ደንቡን ሲያስተካክል፣ ክርክርን በአብላጫ ድምፅ ለመቁረጥ የሚያስችለውን አንቀጽ ብዙም አያስፈልግም ብሎ አወጣው። ለማደናቀፊያ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ቀዳዳውን በትክክል የተጠቀሙበት በ1837 ነው። በ1917 ጥቂት ሴናተሮች የንግድ መርከቦችን ለማስታጠቅ የቀረበውን ረቂቅ በወሬ ቀበሩት። ፕሬዚዳንት ዊልሰን ተቆጡ፤ ሴኔቱም ክርክር በሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚዘጋበትን ደንብ 22 አወጣ። በ1975 ይህ ወደ 60 ድምፅ ወረደ። እንዲህ ያለ ምላሽ ብዙ ጊዜ ክር ይዘጋል። የኔ ግን ገና መጀመሩ ነበር።

ምላሽ 2 ስለ ቃሉ ብቻ ነው። ፊሊበስተር ከደች በስፓኒሽ በኩል የመጣ ሲሆን በመጀመሪያ የሚጠራው የባሕር ወንበዴን ነው፤ መርከቡን ማርኮ ጉዞውን የሚያስቆም። ጸሐፊዋ አንድ ነገር አከለች፦ የሉዊዚያናው ሂዊ ሎንግ በ1935 ለ15 ሰዓት ተኩል ሲናገር ሐሳቡ ቢያልቅበት የተጠበሰ ኦይስተር አሠራር አስመዝግቧል። ዶሮን 12 ብልት አድርጎ ማውጣትን ቢያውቅ ኖሮ እስከ ማግስቱ ይበቃው ነበር ብላ ሄደች።

በምላሽ 3 አርሊንግተን ውስጥ 30 ዓመት ታክሲ የነዱ አባት መጡ። በማርች 31፣ 2025 ማታ ሥራ ሲጀምሩ የኒው ጀርሲው ሴናተር ኮሪ ቡከር ንግግር በሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። መኪናቸውን አቁመው ተኝተው፣ ተነሥተው ቡና ጠጥተው ቢከፍቱት ሰውየው አሁንም ይናገራል። በጠቅላላ 25 ሰዓት ከ5 ደቂቃ። ቡከር መጸዳጃ ቤት መሄድ እንዳያስፈልገው ከቀናት በፊት ምግብ፣ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ ማቆሙን ኋላ ሲናገር ሰምተው፣ በሁዳዴ መካከል በመሆኑ ልባቸውን እንደነካው ጻፉ። ተቃውሞ እንዲህ በሥጋ ሲከፈልበት ይከበራል የሚለው ሐሳባቸው ከኔ ጋር ይገጥማል፤ በማግኘቴም ደስ ብሎኝ ነበር።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ምላሽ 4 ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ታክሲ ነጂውን በአክብሮት አረሟቸው። ቡከር ያገደው ሕግ ስላልነበረ ንግግሩ በጥብቅ አነጋገር ፊሊበስተር አይባልም። የሰበረው የሴናተር ስትሮም ተርመንድን የ1957 ክብረ ወሰን ነው፤ 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ። ተርመንድም ውሃ ከሰውነቱ እንዲወጣ አስቀድሞ በእንፋሎት ታጥቦ ነበር የገባው። ያን ሁሉ የቆመው ለጥቁሮች የመምረጥ መብት የወጣውን ረቂቅ ለማገድ ነው። ንግግሩ እንዳለቀ፣ ሌሊቱ ሳይጋመስ ሕጉ አለፈ።

ምላሽ 5 ላይ ድምፁ ተለወጠ። የሚኒያፖሊሱ ሰው በቀጥታ ወደ እኔ ነበር የመጣው። ቆሞ መናገርን እንደ ጀግንነት ማየቴ ታሪክን አለማወቅ እንደሆነ፣ በዚያ አዳራሽ ሲቆሙ የኖሩት በብዛት እነማን እንደነበሩ እንድጠይቅ ነገረኝ። በ1922 የተወካዮች ምክር ቤት ሰውን በመንጋ ሰቅሎ መግደልን የፌዴራል ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አሳለፈ፤ የደቡብ ሴናተሮች በፊሊበስተር ገደሉት። ያ ወንጀል በፌዴራል ሕግ ስሙ የተጠራው በማርች 2022 ነው፤ 100 ዓመት። በ1964 የሲቪል መብት ሕግን 60 የሥራ ቀን ይዘውት ነበር። ከዚያ ወደ እኛው አዞረው፦ በድሮው የኮታ ሥርዓት ለኢትዮጵያ የተመደበው በዓመት 100 ሰው ነበር። ኮታው የፈረሰው በ1965 የስደተኞች ሕግ ነው፤ ለዚያ መንገዱን የጠረገው የዚያው ዘመን የሲቪል መብት ትግል መሆኑን ረስቼ፣ መንገዱን ዘግተው የቆሙትን ሰዎች እግር እንደማደንቅ ከሰሰኝ።

አመመኝ። ልክ ነው ግን። በምላሽ 6 ይህንኑ ጻፍኩለት፤ የሚናገሩትን አላደነቅኩም፣ ለምን እንደቆሙ ግን መጀመሪያ መናገር ነበረብኝ። አቋሜን አላነሣሁም። የደቡቦቹ ፊሊበስተር ሌሊትም ቀንም በአደባባይ ስለነበር አገር ሰማቸው፤ ማን እንደሚያግድና ለምን እንደሚያግድ በስም ታወቀ። ዛሬ የሚያግደውን ሰው ስም ስንቶቻችን እናውቃለን?

ምላሽ 7 የአንዲት ነርስ ነው፤ ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። ጁን 10፣ 1964። ሴናተር ሮበርት ቤርድ ያንን የሲቪል መብት ሕግ ለማገድ ሌሊቱን ሙሉ፣ 14 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ተናግሮ ጠዋት ጨርሷል። ክርክሩን ለመዝጋት 67 ድምፅ ያስፈልጋል። የካሊፎርኒያው ሴናተር ክሌር ኤንግል በአንጎል ዕጢ ታምሞ ነበር፤ በተሽከርካሪ ወንበር አስገቡት። ስሙ ተጠራ። አፉ እሺ አላለውም። እጁን በዝግታ አነሣና ዓይኑን አመለከተ። በእንግሊዝኛ ዓይን እና የድጋፍ ቃሉ ድምፃቸው አንድ ነው። ጸሐፊው ድጋፍ ብሎ መዘገበ፤ 71 ለ29። ሰውየው በጁላይ መጨረሻ ዐረፈ። ነርሷ ንግግር ያቃታቸው ሕሙማንን በሥራዋ በየቀኑ ስለምታይ፣ ያንን እጅ ለማንሣት ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ታውቃለች። በሌላኛው ወገን ደግሞ 14 ሰዓት ሙሉ ያላቆመ አንደበት ነበረ።

ካፒቶል ሂል አካባቢ ለዓመታት የሠራ ሰው በምላሽ 8 የጠየቅኩትን ዋና ነገር መለሰ፤ መቆሙ የቀረው ለምንድን ነው? በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአብላጫው መሪ ማይክ ማንስፊልድ አንድ ረቂቅ ሲታገድ ምክር ቤቱ በሙሉ እንዳይታገድ ብሎ ሥራውን በሁለት ሐዲድ ከፈለው። የታገደው በአንዱ ይቆማል፣ ሌላው ሥራ በሌላው ይቀጥላል። የታሰበው ለበጎ ነው። የተገኘው ግን ማገድን ነፃ ማድረግ ሆነ፤ አጋጁ እንቅልፉን አያጣ፣ ምክር ቤቱም አይጉላላ። ድሮ በዓመታት አንዴ ይጠራ የነበረው የክርክር መዝጊያ ድምፅ ከቅርቦቹ ኮንግረሶች በአንዳንዶቹ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ300 ጊዜ በላይ ተጠይቋል፤ አብዛኛው በሹመት ላይ ቢሆንም። የኔን ሐሳብም ዴሞክራቶች ሞክረውታል። በጃንዋሪ 19፣ 2022 ለምርጫ መብት ሕጉ ብቻ ተናጋሪው ቆሞ እንዲናገር ደንቡን ለመቀየር ድምፅ ተሰጠ። ከራሳቸው ወገን ሴናተሮቹ ማንሺንና ሲኔማ ከሪፐብሊካኖቹ ጋር ሆኑና 52 ለ48 ወደቀ። ይህን አላውቅም ነበር፤ ተመስግኗል።

ምላሽ 9 ነጥብም ሰረዝም የለውም። እህታችን በፌዴራል ሕንፃ ውስጥ በኮንትራት ድርጅት በኩል ጽዳት ትሠራለች። በ2019 በወጣው ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ የተዘጋበት ቀን ደመወዝ ኋላ ይከፈለዋል። ያ ሕግ የኮንትራት ሠራተኛን አይጨምርም። እሷ የምታጸዳው ቢሮ ባለቤቶች የ43 ቀናቸውን ያገኛሉ፤ እሷ አታገኝም። ሬንቷን በሁለት ከፍላ ከፈለች፣ የልጇን የትምህርት ቤት ጉዞ ሰረዘች፣ ወደ ናዝሬት ለእናቷ የምትልከውን ለሁለት ወር አልላከችም። ከዚያ የጠየቀችው ማንን ልቀየም ነው።

ከ10 እስከ 14 ያለው ጠብ ነው። ምላሽ 10 ጥፋቱን ጠቅልሎ ለዴሞክራቶች ሰጠ። ምላሽ 11 ዴሞክራቶች የያዙት የኦባማኬር የጤና መድን ድጎማ በዓመቱ መጨረሻ እንዳያልቅ መሆኑን አስታውሶ፣ ቤተሰቡ በዚያ መድን የሚታከም ሰው ስለሆነ በቁጣ ተናገረ። ምላሽ 12 አብላጫው አቅም አጣሁ ማለት እንደማይችል ነው ያስረዳው። በኖቬምበር 21፣ 2013 የዴሞክራቶቹ መሪ ሃሪ ሪድ በ52 ለ48 ድምፅ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በቀር ለሹመቶች 60ውን አስቀረ፤ የኑክሌር አማራጭ የሚሉት ይህን ነው። በ2017 የሪፐብሊካኖቹ መሪ ሚች ማኮኔል ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሰፋው። ፕሬዚዳንት ትራምፕም በመዘጋቱ መካከል፣ በኦክቶበር 30፣ ሪፐብሊካኖች ፊሊበስተርን ፈጽመው እንዲያጠፉ ጠይቀው ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብሎ ደመደመ። ምላሽ 13 ተረቱን ገለበጠበት፦ ሪድ በ2013 በላ፤ በአራት ዓመቱ ያው በር ሰፍቶ ጎርሰችን፣ ካቫኖንና ባሬትን ጠቅላይ ፍርድ ቤት አስገባ። የሪፐብሊካኖቹ መሪ ጆን ቱን ለትራምፕ እንቢ ያሉት ነገ አናሳ ሆነው ሲቀመጡ ስለታያቸው ነው። ምላሽ 14 ስድብ ስለነበረበት ተሰርዟል። 15 የመድረኩ አስተዳዳሪ ማሳሰቢያ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል የእህታችን ጥያቄ ተዘነጋ።

ምላሽ 16 ወደ ዲቪ ወሰደን። ዲቪ እስከዛሬ የኖረው በፊሊበስተር ነው፤ በፌብሩዋሪ 2018 ኋይት ሐውስ የደገፈው የስደተኞች ረቂቅ ዲቪን ሊያስቀር ነበርና 60 ባለማግኘቱ ወደቀ የሚል ነው። ብዙ ሰው ወደደለት። ምላሽ 17 ግን ቁጥሩን አመጣ፦ ያ ረቂቅ ያገኘው 39 ድምፅ ነው፣ 60 ሴናተር ተቃውሞታል፤ ተራ አብላጫም ቢሆን አያልፍም ነበር። በዚያው ቀን 60ው የገደለው 54 ድምፅ ያገኘውን፣ ከሁለቱም ወገን የተውጣጡ ሴናተሮች ያቀረቡትን ረቂቅ ነው። በ2013ም ሴኔቱ በ68 ለ32 ያሳለፈው ትልቁ የስደተኞች ሕግ ዲቪን ያስቀር ነበር። 60ውን በቀላሉ አልፎ የሞተው የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ለድምፅ ስላላቀረበው ነው። ሁሉን በፊሊበስተር ማሳበብ ልክ አይደለም፤ ይህን እኔም ልብ ልል ይገባኝ ነበር።

በምላሽ 18 ከዚያ በፊት በመድረኩ ጽፎ የማያውቅ ሰው መጣ። በስድስት ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር ነው የመጣው፤ የአባቱ የጥገኝነት ጉዳይ ውድቅ ሆኖ ቤተሰቡ ወረቀት አልባ ቀረ። ዲሴምበር 18፣ 2010 ቅዳሜ ነበር፤ እሱ 17 ዓመቱ። በልጅነታቸው ለመጡ ወረቀት አልባ ወጣቶች ወረቀት የማግኛ መንገድ በሚከፍተው ድሪም አክት ላይ ድምፅ ሲሰጥ ከእናቱ ጋር ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ በላፕቶፕ ያይ ነበር። 55 ለ41 ሲል ዘሎ ተነሣ፤ እናቱን አቀፈ፤ እናቱ እልልታውን ጀመሩት። ስብሰባውን የሚመሩት ግን ረቂቁ አላለፈም አሉ። እናቱ እንግሊዝኛው ስላልገባቸው እልል ማለታቸውን ቀጠሉ፤ ቁጭ ብሎ ማስረዳት ነበረበት። 55 ከ41 እንዴት እንደሚያንስ በአማርኛ ሲያስረዳ እሱም ለራሱ አልገባውም ነበር። ከዚህ በላይ አልጻፈም። ስለ ራሱ ግን እንደ እሱ ላሉት በ2012 የመጣው ዳካ የተባለው ፕሮግራም የሥራ ፈቃድ እንደሰጠው ጠቅሷል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ አገር ቤት ተሳበ። ምላሽ 19 ሴኔት ለኛ የጠቀመበትን ጊዜ አነሣ፦ በ2022 በኢትዮጵያ ላይ ማዕቀብ የሚጠይቁት ኤች አር 6600 እና የሴኔቱ 3199 የተባሉት ረቂቆች ሕግ ሳይሆኑ ቀርተዋል። ምላሽ 20 በ2007 የተወካዮች ምክር ቤት ያሳለፈውን፣ ሴኔት ደርሶ የቀረውን፣ የኢትዮጵያን ዴሞክራሲና ተጠያቂነት የሚመለከተውን ኤች አር 2003 የተባለ ረቂቅ አስታውሶ፣ ያን ጊዜ ስንቱ በቀበረው ሴኔት ላይ እንዳዘነ ጠየቀ፤ ሴኔቱ ያው ሴኔት፣ እኛ ነን የተለዋወጥነው ነው ነገሩ። ምላሽ 21 ሁለቱንም አረመ፦ እነዚህ ረቂቆች በፊሊበስተር አልወደቁም፤ ሴኔት ውስጥ ለድምፅ ሳይቀርቡ ነው የቀሩት። በአጀንዳ ላይ የሚያወጣው የአብላጫው መሪ ነው፤ መሪው ያላወጣውን ማንም ቆሞ መናገር አያስፈልገውም። ምላሽ 22 በ2015ቱ ምርጫ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ይዘው ስለነበር በኛ ምክር ቤት ማንን ለማገድ ማን ይቆማል ብሎ ነገር ሊያቀጣጥል ሲል አስተዳዳሪው ቶሎ ደረሰ።

ምላሽ 23 የታክሲ ነጂው አባት ሁለተኛ ጽሑፍ ነው። ፊሊበስተርን ከአባቶች የበልሃ ልበልሃ ሙግት ጋር አመሳሰሉት፤ ነጠላ አደግድጎ፣ በዘንግ ጫፍ እያመለከተ፣ ቃል ሳይነጥፍበት የሚሟገተውን ጠበቃ። ታሪክ መምህሩ በምላሽ 24 ልዩነቱን አሳዩ። በበልሃ ልበልሃ ዳኛ አለ፤ ሁለቱም የሚናገሩት ፍርድ ለማግኘት ነው። በፊሊበስተር የሚናገረው ፍርድ እንዳይሰጥ ነው። ወንድማማች ሆነው ተመሰጋገኑ።

ምላሽ 25 የጆርጂያ አቬኑ ነዋሪ ነው፤ ምሬቱ ግልጽ ነበር። እኛ ስለ 60 ስንከራከር የዲሲ ሕዝብ፣ ወደ 700,000 ሰው፣ አንድ ድምፅ የሚሰጥ ሴናተር የለውም። ከዲሲ ያነሰ ሕዝብ ያላት ዋዮሚንግ ሁለት አላት። ዲሲን ክፍለ ግዛት የሚያደርገው ረቂቅ በ2020ና በ2021 ከተወካዮች ምክር ቤት አልፎ ሴኔት ላይ ቀርቷል። ምላሽ 26 የፓርኪንግ ሠራተኛ ሲሆን ሌላ በር እንዳለ ጻፈ፦ በጀትን የሚመለከት ሕግ በሪኮንሲሊዬሽን መንገድ 60 ሳያስፈልገው ያልፋል፤ በጁላይ 2025 የትራምፕ ትልቁ ሕግ በምክትል ፕሬዚዳንቱ ድምፅ 51 ለ50 ያለፈው በዚያ ነው። በ2021 ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 15 ዶላር እንዲሆን ሲሞከር ግን የሴኔቱ የደንብ አማካሪ ይህ በጀት አይደለም ብላ አስወጣችው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ 7.25 ላይ ነው። እሱ በሚኖርበት ሜሪላንድ 15 ሞልቷል፤ ቴክሳስ ያለችው እህቱ ናት በ7.25 ሕግ ሥር የምትሠራው።

ምላሽ 27 የጽዳት ሠራተኛዋ ነው። ሁሉንም አንብባለች። ሥራ ተመልሳለች። ለመዘጋቱ ማብቂያ የሆነው ስምምነት ስምንት ሰዎች ከዴሞክራቶች ወገን ተሻግረው በ60 ለ40 ያለፈ መሆኑን፣ ለብዙዎቹ መሥሪያ ቤቶች ገንዘቡ የተፈቀደው እስከ ጃንዋሪ 30፣ 2026 ብቻ መሆኑንም ከዚሁ ክር ነው የተማረችው። ስለዚህ ስለ ደንብ 22 ሌላ ጥያቄ የላትም። የምትጠይቀው ከጃንዋሪ 30 በፊት የሚሆን የቅዳሜና የእሑድ ሥራ የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲነግራት ነው፤ ጽዳትም ሆነ ሕፃን መጠበቅ ትችላለች፤ የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ መኪና የላትም፣ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ቢሆን ይመቻታል።

ሁለት ሰዎች በውስጥ መስመር ጻፉላት። አንዷ ባለቤቴ ናት።